ሰባት ቤት ቆጥሮ ላፕቶፕ መግዛት

በጎጃም ወግ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከአያት ከቅድመ አያት ተነስቶ እስከ ሰባተኛው ቤት ተዘልቆ፣ በአንዱ ቤት ዘመድ የተገኘ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ይበተናሉ። ማይክሮሶፍት ይህን ደንብ ከየትኛው የጎጃም ሽማግሌ እንደ ተማረው እንጃ፣ በ2021 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እንቁጠረው፤ ፕሮሰሰር ጳጉሜን አያውቅም) ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ የኢንቴል ኩባንያን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ዘር ቆጥሮ፣ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ያለውን ከጥቂቶች በቀር "አይሆንም" አለ። የሚፈቀደው ከስምንተኛው ወዲህ ያለው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በ2025 ኦክቶበር 14፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። አሮጌው ቤት ተዘጋ፣ አዲሱ ቤት ዘር ይጠይቃል።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት ሽምግልና ሆኗል። ጣና ዳር፣ ዋርካ ጥላ ሥር፣ አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ገዢው፣ ሻጩ፣ ፖሊቴክኒክ የተማረው የገዢው የአጎት ልጅ፣ አራተኛው ደግሞ ማንም ያልጠራው ግን ከየትኛውም የኮምፒውተር ሽያጭ የማይቀር ሰው። የላፕቶፑ ክዳን ሳይከፈት ጥያቄው ይመጣል። "ምን ልትሠራበት ነው?" የሚል የለም። ጥያቄው "ኮር አይ ስንት ነው?" ነው።

"አይ ሰቨን።"

አራተኛው ሰው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋል።

አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን፣ አይ ናይን የሚባለው ማዕረግ ነው፤ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ደጃዝማች፣ ራስ እንደ ማለት። ማዕረጉ ብቻውን ስለ ጉልበት አይናገርም፤ በማን ዘመን እንደ ተሾመ መጠየቅ አለበት። ዘመኑ የተጻፈው ከማዕረጉ ቀጥሎ ባለው ቁጥር መነሻ ላይ ነው። አይ ሰቨን 4600ዩ የአራተኛው ትውልድ ደጃዝማች ነው፤ የ2013 ሹም፣ ኮሩ (የሥራ እጁ) 2። አይ ፋይቭ 8250ዩ የስምንተኛው ትውልድ ቀኛዝማች ነው፤ የ2017 ሰው፣ ኮሩ 4። ቀኛዝማቹ ደጃዝማቹን በሩጫ ጥሎት ይሄዳል፤ ዊንዶውስ 11ም በሩን የሚከፍተው ለእሱ ነው። ገበያ ላይ ግን ዋጋ የሚወጣለት ማዕረጉ ነው። ቁጥሩ በ10፣ በ11 ወይም በ12 ከጀመረ ሁለቱን አሃዝ አንድ ላይ ማንበብ ነው፤ 1135ጂ7 የአንደኛ ሳይሆን የአስራ አንደኛ ትውልድ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ደግሞ የቀለቡ መጠን ነው። ዩ 15 ዋት ገደማ በልቶ ያድራል፣ ኤች 45 ዋት ካልቀረበለት ያኮርፋል። ኤች ገዝቶ "ባትሪው ቶሎ አለቀ" የሚል ሰው፣ ሰንጋ ገዝቶ ጭድ በዛብኝ የሚል ነው።

የኢንቴል ባላንጣ ኤኤምዲም በሹመት አሰጣጥ ከዚህ አይሻልም። ራይዘን 5 5500ዩ እና ራይዘን 5 5600ዩ መንታ ይመስላሉ፤ በውስጥ ንድፋቸው ግን የመጀመሪያው ዜን 2፣ ሁለተኛው ዜን 3 ነው። ራይዘን 5 7520ዩ በ2022 ሲመጣ ካባው አዲስ ነበር፤ ካባው ሲገለጥ ግን የ2019ኙ ዜን 2 ተገኘ። በነዚህ ባለ 7000 የላፕቶፕ ቁጥሮች ላይ እውነቱን የሚናገረው ሦስተኛው አሃዝ ነው። 7520 ላይ ያለችውን 2 በጣት እያሳዩ ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል።

ስቲከርማ ምስክር አይሆንም። ከአንዱ ግንባር ተልጦ በሌላው ይለጠፋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብቶ ሲፒዩን መንካት፤ ሙሉ ስሙ ከነአያቱ ይወጣል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዚህች ግማሽ ደቂቃ ግን አራተኛው ሰው "ኤኤምዲ ይግላል" ብሎ ወሬውን ወስዶታል።

ይህ ሐሜት ከባዶ አልተነሳም፤ ብቻ አርጅቷል። የ2000 እና የ2001 ዓመቶቹ የኤኤምዲ አትሎን ማቀዝቀዣው ቢነሳበት ራሱን የሚያድንበት ዘዴ ስላልነበረው ይቃጠል ነበር፤ የጊዜው የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ይተርፋል። ከዚያ በ2004 ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 መጣና ራሱ ምድጃ ሆኖ አረፈ። በ2011 የኤኤምዲው ኤፍኤክስ "ባለ 8 ኮር" ተብሎ ተሸጠ፤ ኮሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከአንድ ትሪ የሚቆርሱበት የሥራ ክፍል ነበራቸውና "ስምንት ነው ወይስ አራት?" የሚለው ክርክር አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ኩባንያው በ2019 12.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2024 ተራው የኢንቴል ሆነ። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባቸው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ሲጎዱ ተገኙ፣ ዋስትናውም በ2 ዓመት ተራዘመ። እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ገመና በቃሉ ያውቃል፤ የራሱን ሲጠየቅ ቡናው ይቀዘቅዝበታል።

እንዲያውም ባሕር ዳር ላይ ላፕቶፕ የሚያግለው ባጃጅ የሚያስነሳው አቧራ ነው። የኋላ ክዳኑ ተፈቶ ቢታይ በማራገቢያውና በሙቀት ማስወጫው ክንፎች መካከል ጥጥ የመሰለ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገኛል። በአየር ሲነፋ ማራገቢያውን በጥርስ መፈቅፈቂያ እንጨት ገትቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ኩሽኔታው ይላላል። ከፕሮሰሰሩ ሙቀቱን የሚያሻግረው ፓስታ ከደረቀ በአልኮል ይጠረጋል። ከፋርማሲ የሚገኘው ባለ 70 እጅ አልኮል ቀሪው ውኃ ነውና እስኪደርቅ መታገስ ነው። አዲሱ ፓስታ የስንዴ ፍሬ ታህል ይበቃል፤ እንደ ቂቤ ተለቅልቆ ጠርዝ ለጠርዝ የሚፈስ ከሆነ ባለሙያው ዶሮ ወጥ የለመደ ነው።

ደግሞም ሁለቱ ኩባንያዎች ባላንጣ ይባሉ እንጂ በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው። አይቢኤም በ1981 ለወጣው ፒሲ የኢንቴልን ፕሮሰሰር ሲመርጥ "ሁለተኛ አቅራቢ አምጣልኝ" ስላለ ነው ኤኤምዲ ያንኑ ቺፕ እንዲሠራ ፈቃድ ያገኘው። ከዚያ ወዲያ ክስ፣ እርቅ፣ ክስ፣ እርቅ፤ በ2009 ኢንቴል 1.25 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። በ2024 ኦክቶበር ደግሞ ሁለቱም አንድ ማዕድ ቀርበው ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ስለሚናገሩት ቋንቋ፣ ስለ ኤክስ86፣ የሚመክር የጋራ ቡድን አቋቋሙ። ከዜን 2 ወዲህ ያለው የኤኤምዲ ዜን ዋና ክፍል በአብዛኛው የሚሠራው ታይዋን፣ ቲኤስኤምሲ በተባለው ኩባንያ ነው፤ የኢንቴል የ2024ቱ ሉናር ሌክ ዋና ክፍልም የተጋገረው እዚያው ምጣድ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ታርቀው አብረው ሲበሉ፣ በእነሱ ስም ድንጋይ የሚወራወረው ጣና ዳር ያለው ደጋፊ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የኢንቴል ወገኑ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሊጭን ሲነሳ ነው። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ለማውረድ ይሄዳል፣ "ኤኤምዲ64" የሚል ፋይል ያገኛል፣ "ይህ የእነሱ ነው" ብሎ ይመለሳል። የእሱም ነው። 64 ቢቱን የኤክስ86 ቋንቋ ይዞ በ2003 ገበያ የወጣው ኤኤምዲ ነው። ኢንቴል ኢታኒየም የሚባል ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ተከታይ ቢያጣ በ2004 የጎረቤቱን ቋንቋ ተቀበለ። ኮር አይ ሰቨን ብሎ የሚምል ሁሉ ኤኤምዲ በጻፈው ሰዋስው እየተናገረ ነው።

ይኼኔ ነው የአጎት ልጅ የሚነሳው። እስካሁን ዝም ያለው ስለ ሃርድዌር ስለሆነ ነው፤ የእሱ ሃይማኖት ሶፍትዌር ነው። "ዊንዶውስ 11 እንቢ ካለ ሊኑክስ አለ" ይላል፣ ድምፁን እንደ ቅዳሴ ዝቅ አድርጎ። ሊኑክስ በ1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ከርነል፣ የሥርዓቱ እምብርት፣ ነው፤ የቀረውን እያንዳንዱ ለራሱ ያስርበታል፣ እንደ ደንገል ታንኳ። ታንኳ ቀላል ናት፣ ሞተርም ቤንዚንም አትጠይቅም፤ ግን ውኃ ስትጠጣ ከሐይቁ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ አለባት፣ ያን ቀን ደግሞ ባለቤቷ ዓሣ አያጠምድም። ሃይማኖቱ ደረጃም አለው። ጀማሪው በኡቡንቱ ወይም በሚንት ይገባል፣ ከዓመት በኋላ ዴቢያን ይመነኩሳል። ሃይኩ ላይ የደረሰ ባሕታዊ ነው። ሃይኩ ሊኑክስ እንኳ አይደለም፤ ቢኦኤስ የሚባለውን የሞተ የኮምፒውተር ሥርዓት መልሶ ለማቆም በ2001 የተጀመረ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ በሰከንዶች ይነሳል፣ ከአንድ ተጠቃሚ ሌላ አያውቅም፣ ሃያ ዓመት አልፎትም ገና ቤታ፣ የሙከራ ቅጂ፣ ነው። ተከታዮቹ አይቸኩሉም።

መሞከር ለሚፈልግ ግን መንገዱ አጭር ነው። 8 ጊጋ ፍላሽ፣ 3 ጊጋ ገደማ የሆነ የሚንት ፋይል፣ ፋይሉን ፍላሹ ላይ የምትጽፍ ሩፈስ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሰርግ ፎቶ ካለበት አስቀድሞ ይቀዳ። ማሽኑ ሲበራ ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 መጫን፤ ከፍላሹ ሲነሳ ወዲያው "ጫን" ማለት ሳይሆን ሦስት ነገር ማየት። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይወጣል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? ብሮድኮም የሚባል ኩባንያ የሠራው ዋይፋይ ያለበት ማሽን ብዙ ጊዜ ኔትወርክ አያይም፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ኔትወርክ ያስፈልጋል፣ ኔትወርክ ለማግኘት ድራይቨሩ። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክን በኬብል ሰክቶ የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት ነው። ከዊንዶውስ ጎን ለጎን የሚጭን ሰው ደግሞ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር መኖሩን አስቀድሞ ይይ። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ ዊንዶውስ በማግስቱ 48 አሃዝ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ቁጥር የያዘ ሰው ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው።

"እሽ፣ ፒችትሪ ይሠራል?" ይላል ገዢው።

ጸጥታ። የሊኑክስ ስብከት ሁሉ የሚሰበረው በዚህ ድንጋይ ላይ ነው። የሒሳብ መያዣው ፒችትሪ የዊንዶውስ ልጅ ነው፣ የንድፍ መሥሪያው አውቶካድም ለሊኑክስ አልተሠራም። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ጣጣ አለው። ለዓለም ፊደል ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 ቢቀበልም፣ እነዚያ ፎንቶች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ወንበር ላይ ነው ያስቀመጡት፤ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የደብተራ አስማት ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ከመከራ አይድንም። በኒያላ ፎንት አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ የሊኑክስ ሰው በዎርድ ፈንታ በሚጠቀምበት ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሌላ ፎንት ይተካበትና ሁለት ገጽ ይሆናል፤ ጽሑፉ አንደኛው ላይ፣ የኃላፊው ስምና የማኅተሙ ቦታ ለብቻቸው ሁለተኛው ላይ። በዚህ አገር ባዶ ወረቀት ላይ የተመታ ማኅተም ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለመሥሪያ ቤት ሰው አይነገርም። ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይፈታዋል፤ ነገር ግን አለቃ "ላስተካክለው" ማለቱ አይቀርም።

አራተኛው ሰው ይደመድማል፦ "ሊኑክስ እዚህ አገር አይሠራም!" ይህን የሚለው ስልኩን እያወዛወዘ ነው። ስልኩ አንድሮይድ ነው፤ አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ፕሮሰሰሩም ኢንቴል አይደለም፣ ኤኤምዲም አይደለም፤ የመጀመሪያ ቺፑ በ1985 እንግሊዝ ውስጥ የሠራው የአርም ዘር ነው። ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ባጃጅ ነጂ ኪስ ውስጥም ያው ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ላፕቶፑ ተከፍቶ፣ እየተነሳ ነው። ገና እየተነሳ ነው። ራሙ 4 ጊጋ፣ ዲስኩ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞረው ዓይነት። ይህን ማሽን የሚያድነው ባለ 256 ጊጋ ኤስኤስዲና 8 ጊጋ ራም ነው፤ ኤስኤስዲው መርፌ እየተንቀሳቀሰ የሚፈልገውን ፋይል ሳይንቀሳቀስ ያገኛል። ራም ሲገዛ የአራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ባለ 1.35 ቮልቱን ዲዲአር3ኤል ይፈልጋል፤ ባለ 1.5 ቮልቱ ቢሰካ ልኩ ይገጥማል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን ለመናገር የአጎት ልጅ አፉን ሲከፍት መብራት ሄደ።

ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ።

አራቱም ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። ሻጩ ጉሮሮውን ጠርጎ "ባትሪው ትንሽ ነው የደከመው" ይላል። ገዢው የያዘውን ብር ወደ ኪሱ ይመልሳል።

"ሊኑክስ ቢጫንበት" ይላል የአጎት ልጅ፣ "ባትሪ ይቆጥባል።"