እርማት፦ በክሬዲት ካርድ የሚከፈል ኪራይ «ነፃ ነጥብ» አያመጣም

«ኪራይህን በክሬዲት ካርድ ክፈል፣ ነጥቡ ነፃ ገንዘብ ነው» ያልከውን ትንሽ ላርመው፣ ወዳጄ። ነጥቡ፣ ማለትም ካርድ ሰጪው ከከፈልከው ላይ በመቶኛ የሚመልስልህ ሽልማት፣ እውነት ነው፤ ውሸቱ «ነፃ» የሚለው ላይ ነው። በካርድ የሚከፈል ነገር ሁሉ ኮሚሽን አለው። ሱቅ ስትገዛ ነጋዴው ስለሚሸከመው አይታይህም፣ ኪራይ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ተከራዩ ይዞራል፣ ያውም ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ። ተራ ካርድ ደግሞ የሚመልስልህ 1 በመቶ፣ ቢበዛ 2 ነው። ኪራይህ 1000 ነው እንበል፣ ኮሚሽኑ 2.9 በመቶ። 29 ሰጥተህ 10 ተቀበልክ። በየወሩ 19 እየከሰርክ ምኑን አተረፍከው?

ይሄም እንግዲህ የካርዱን ዕዳ በጊዜው ሙሉ በሙሉ ከከፈልክ ነው። ካሳደርከው ወለዱ ነጥቡን ጠራርጎ ይበላዋል። አንዳንድ ካርድ ሰጪዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ክፍያ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል፤ ያኔ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ነጥብም የለም። (ማን ያነበዋል እንጂ ውሉ ላይ ተጽፏል።)

አከራዮችም «ገንዘቡ ከገባ አለቀ» አትበሉ። ተከራዩ ከሳምንታት በኋላም ክፍያውን አልቀበልም ብሎ ለካርድ ሰጪው ማመልከት ይችላል፤ ከተፈረደለት ብሩ ከሂሳባችሁ ተመልሶ ይወጣል። የኪራይ ውሉንና ደረሰኙን አትጣሉ።

ለአዲስ ደንበኛ ዳጎስ ያለ ጉርሻ የሚሰጥ ወይም ለኪራይ ኮሚሽን የማይጠይቅ ካርድ ካገኘህ ግን ስሌቱ ይለወጣል፣ ያኔ ክፈልበት።