ኢንሳይክሎፒዲያው ውስጥ ያልነበረው ቃል

ሌሊት ነው። የ17 ዓመቷ ሊዛ ከአልጋዋ ተነሥታ የአባቷን ኢንሳይክሎፒዲያ ትገልጣለች፤ እንደ እርሷው ሴት ልጅ ከሆነችው ከአኒ ጋር የያዛት ነገር ምን እንደሚባል፣ ሌላው ዓለምስ ስለዚህ ምን እንደሚል ማወቅ ፈልጋለች። ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ታነበዋለች። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርማት በዚያ ሁሉ ትንተና ውስጥ «ፍቅር» የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አለመጻፉ ነው። ትናደዳለች። ጸሐፊዎቹ እኔን ቢጠይቁኝ ስለ ፍቅር የምነግራቸው ነበረኝ ብላ ተመልሳ ትተኛለች።

ትዕይንቱ የሚገኘው አሜሪካዊቷ ናንሲ ጋርደን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው «አኒ ኦን ማይ ማይንድ» በተሰኘው የወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ነው። ከእርሱ 39 ዓመት ዘግይቶ የወጣውና በ2021 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ያሸነፈው የማሊንዳ ሎ «ላስት ናይት አት ዘ ቴሌግራፍ ክለብ» ደግሞ ወደ 1954ቱ ሳን ፍራንሲስኮ ይወስደናል። በቻይናውያን ሠፈር የምትኖረው ሊሊ መድኃኒትም ልዩ ልዩ ሸቀጥም በሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ቆማ፣ ሰው እንዳያያት እየተሣቀቀች፣ ስለ ሁለት የሚዋደዱ ሴቶች የተጻፈ ርካሽ ልብ ወለድ ገጽ በገጽ ታነባለች። ገዝታ ቤት ልትወስደው አትደፍርም። ሁለቱን ደራሲዎች ዘመን ቢለያያቸውም አንድ ነገር አስተውለዋል፤ እንዲህ ያለች ልጅ ጥያቄዋን መጀመሪያ ይዛ የምትሄደው ወደ እናቷም ወደ ጓደኛዋም ሳይሆን ወደ ታተመ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ለረጅም ጊዜ የሰጣት መልስ ግን አንድ ዓይነት ነበር። ማሪጄን ሚከር እ.ኤ.አ. በ1952 ቪን ፓከር በሚል የብዕር ስም ስለ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ፍቅር ልብ ወለድ ስትጽፍ፣ አርታኢዋ መጽሐፉ በፖስታ ተቆጣጣሪዎች እንዳይያዝ መጨረሻው ደስታ ሊሆን እንደማይችል አስቀድሞ ነገራት። ስለዚህ አንደኛዋ ልጅ አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ገባች፤ ሌላዋም ድሮም አልወደድኳትም ብላ ደመደመች። ያንን መጨረሻ የወሰነው የታሪኩ አካሄድ አልነበረም፤ የፖስታ ቤት ፍርሃት ነው። (ይህችው ሚከር ኋላ ኤም. ኢ. ኬር በሚል ስም ታዋቂ የወጣቶች ደራሲ ሆና፣ በ1994 ሴት ስለምታፈቅር የገበሬ ልጅ ሌላ ልብ ወለድ ጻፈች፤ በዚህኛው የፖስታ ቤት እጅ የለበትም።)

የእኛ ትልቁ የፍቅር ልብ ወለድም የሚያልቀው በመቃብር ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን መጨረሻ አንብቦ ወንድና ሴት መዋደዳቸው ራሱ የሞት ቅጣት አለው ብሎ ያሰበ አንባቢ የለም። ተጋብተው፣ ወልደው፣ ተጨቃጭቀው የሚኖሩ ሰዎች በዙሪያው ሞልተዋልና። ሴት ለምታፈቅር ልጅ ግን መጽሐፉ ብቸኛው ጎረቤቷ ነው፤ እርሱ ትጠፊያለሽ ካላት የሚያስተባብልላት የለም።

ጋርደን ይህን ለወጠች፤ የለወጠችው ግን ታሪኩን በማር ለውሳ አይደለም። ሊዛና አኒ ሁለት መምህራን በሌሉበት ድመቶቻቸውን እንዲመግቡ በተሰጣቸው ቤት ውስጥ ሳሉ ይደረስባቸዋል። መምህራኑም አብረው የሚኖሩ ጥንዶች መሆናቸው በዚሁ ይገለጥና ከሥራ ይባረራሉ። ሊዛ ከትምህርት ቤቱ አትባረርም፤ ከራሷ ጋር ግን ትጣላለች። ኮሌጅ ገብታም ለአኒ ደብዳቤ ትጀምራለች፣ አትልከውም። መጽሐፉ ከዚህ ዝምታ ተነሥቶ ወደ ኋላ እያስታወሰ የሚተረክ በመሆኑ፣ ራስን መቀበል በአንድ ቀን አዋጅ የሚነገር ነገር ሳይሆን በወራት ትዝታ እየታሸ የሚመጣ መሆኑን አንባቢዋ ከአተራረኩ ትረዳለች። በመጨረሻው ሊዛ ስልክ ታነሣለች፤ አኒም ከወዲያኛው ጫፍ ትመልስላታለች። ሞትም ሠርግም የለም፤ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ብዙ አላነበብኩም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የዚህ መጽሐፍ ቅጂዎች በካንሳስ ሲቲ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤቶች በስጦታ ሲሰጡ፣ ተቃዋሚዎች አንዱን ቅጂ በአደባባይ አቃጠሉት፤ የኦሌታ ከተማ የትምህርት አስተዳደርም ከመደርደሪያ አስነሣው። ተማሪዎችና ወላጆች ከስሰው በ1995 የፌዴራሉ ዳኛ ቶማስ ቫን ቤበር መጽሐፉ እንዲመለስ ወሰኑ።

ይህን የማነሣው ጉዳዩ አሁን ከደጃችን ስለደረሰ ነው። በሜሪላንድ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት የሞንትጎመሪ አውራጃ፣ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ፍቅር የሚነሣባቸው፣ ለትንንሽ ልጆች የሚነበቡ መጻሕፍት ሲያስገቡና በ2023 ወላጆች ልጆቻቸውን ከንባቡ እንዳያስቀሩ ሲከለክሉ፣ ተቃውሞ ካሰሙት መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። ከመጻሕፍቱ አንዱ ቫዮሌት የተባለች ትንሽ ልጅ ለክፍሏ ልጅ ለሚራ የቫለንታይን ካርድ የምትሠራበት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2025፣ በስድስት ዳኞች ድምፅ በሦስቱ ላይ፣ ጉዳዩ እስኪቋጭ ወላጆች አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን ማስቀረት እንዲችሉ ፈቀደ።

እነዚያን ወላጆች ኋላ ቀር ብለው ከሚያጣጥሉ ጋር አልስማማም። የአምስት ዓመት ልጄ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚነበብ ንገሩኝ ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የወሰነው ስለ ክፍል ትምህርት ነው፤ መጻሕፍቱ ይወገዱ አላለም። በየቡናው ላይ ግን ወሬው ሳይታወቅ «መደርደሪያው ይጽዳ» ወደሚለው ይሻገራል። መደርደሪያው ፊት የምትቆመው የአምስት ዓመት ልጅ አይደለችም። የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አላነበበላትም፣ በራሷ እግር የመጣች ናት። እርሷን ከመጽሐፉ ማራቅ ፍቅሯን አይቀይረውም፤ ብቻዋን ነሽ ብሎ መንገር ይሆናል እንጂ።

እርሷም የእኛ ልጅ ልትሆን ትችላለች። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሲጠቀምበት የኖረው ቃል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 የያዘው፣ «ግብረ ሰዶም» ነው። ግብር ድርጊት ነው፣ ሰዶም የጠፋች ከተማ ናት፤ ልክ እንደ ሊዛ ኢንሳይክሎፒዲያ ፍቅር የሚለው የለበትም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአንዳንድ መገናኛ ብዙኃን የሚነበበው «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ቢያንስ ያንን አሟልቷል፤ ግን ቡና ተፈልቶ ሲወራ የሚሰማ ቃል አይደለም። በዚያው በሞንትጎመሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅ የሊዛን ታሪክ በእንግሊዝኛ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ታነብብ ይሆናል። ማታ ቤቷ ገብታ ለእናቷ በአማርኛ ልትነግራት ስትሞክር አፏ ላይ የሚመጣላት ቃል የወንጀል ሕጉ ነው።