ካስማ በሌሊት

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል። ቋ! ቋ! ቋ! ድንጋይ ካስማ እየመታ ነው። አንድ መኪና መብራቱን እንዳበራ ቆሟል፤ ብርሃኑ በተኛው ድንኳን ሁሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይንቦገቦጋል። እንግዳ መጣ።

ቦታው ከወሎ ገጠር ከተሞች በአንዱ፣ የሰፈሩ ሰው በማኅበር ሆኖ የሚያስተዳድረው የድንኳን ሜዳ ነው። የአዳሩ ክፍያ የሆቴል ቁርስ አያክልም። በዚያች ክፍያ የታጨደ ሣር፣ በቆርቆሮ የተከለለ የጉድጓድ ሽንት ቤት፣ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ውኃ እና ጋቢውን የተከናነበ ጥበቃ ይገኛል። ማገዶ በእስር ለብቻው ይሸጣል። ጥበቃው «መሽቷል፣ አይገባም» ማለት አይሆንለትም፤ ወሎ ገራገሩ! «አብሽሩ፣ ግቡ ግቡ፣ ቡናውም ገና አልተነሳ» ይላል። እንግዳው ሞተሩን ሳያጠፋ «መጨረሻው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ምን ዓይነት መጨረሻ እንደሚኖር እሱ ብቻ ያውቃል።

ሰበቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መሸብን»። ፀሐይ በዚህ አገር እንደ ፈረንጅ አገር ሰው አታጭበረብርም። ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች፤ ብትዘገይ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ 50 ደቂቃ። ከዚያ ቡና ሳይፈላ ይጨልማል። ይህ ላሊበላ ከመታነጹ በፊትም እንዲሁ ነበር፤ ዛሬ ለእንግዳው ድንገት የወጣ መመሪያ አይደለም።

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ተረቱን ሁሉ ሰው ይጠቅሰዋል፣ ቆም ብሎ ያጣጣመው ግን ጥቂት ነው። መቀንጠስ እኮ የመጀመሪያው መጀመሪያ ነው! ዛላው ከተቀነጠሰ በኋላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ ይደለዛል፤ ተመልሶ ይደርቃል፤ ኮረሪማውና አዝሙዱ ታምሶ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት አለ፣ ወፍጮ ቤት ደግሞ ወረፋ አለ። ፀሐይ ካልጨከነች እንኳ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ተረቱ «ዘገያችሁ» አይደለም የሚለው፤ «የዛሬው ሰርገኛ ወጥ ሳይቀምስ ሊሄድ ነው» ነው የሚለው። በ3 ሰዓት ተኩል ካስማ የሚመታውም እንዲሁ ነው። ገና እየቀነጠሰ ነው።

ድንኳን ለእኛ አዲስ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይባል ነበር። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ንጉሥ ከነሠራዊቱ የከተመበት ሰፈር ነው። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ፊታውራሪ ከፊት፣ ደጃዝማች ከደጅ፤ ማዕረጉ የሰልፍና የሰፈር ካርታ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ለአድዋ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው የቀጠሩት እዚሁ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር፤ ቀኑም ተቆርጦ፣ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። ያ ሁሉ ሰው ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ በእግሩ፣ ቀጠሮ ይዞ መጣ። ይሄኛው ከደሴ በመኪና ነው የሚመጣው።

ደግሞ በአገራችን ድንኳን ከተተከለ ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። ካምፕ ማድረግ የሚባለውን ነገር ያልለመደ ሰፈር ውስጥ ድንኳን የተከለ ሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ምነው ልጆቼ፣ ማን ተለያችሁ?» የሚሉ እናት ሊመጡበት ይችላሉ። ብርቱካናማ ሆና ሁለት ሰው የምታስተኛዋ ድንኳን ደግሞ ለለቅሶ ትደምቃለች፣ ለሰርግ ታንሳለች፤ ስለዚህ ባለቤቶቿ «መሬት ሊለኩ የመጡ» ተብለው ይታማሉ። የእድር ድንኳን ግን ክብር ይገባዋል። ምሰሶው ከባድ፣ ሸራው የተጣፈ፣ መመሪያ የሚባል ወረቀት የሌለው፤ ቢሆንም ጎረቤት ተረባርቦ ወዲያው ያቆመዋል። ያቺ ወርወር ሲያደርጓት በራሷ የምትከፈት ድንኳንስ? በእሷ ላይ ያለው ቂም የቆየ ነው። በሁለት ሰከንድ ትዘረጋለች፣ ለማጠፍ ግን ሁለት ሰውና አንድ ጠብ ትፈልጋለች። ክቧን እንደ ስምንት ቁጥር ጠምዝዞ አንዱን በአንዱ ላይ ማሳረፍ ነው ዘዴው፤ የሚያውቀው ስለሌለ ግማሿ ከመኪናው የኋላ ኮፈን ወጥታ እየተንጠለጠለች ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በቀን የመጣ ሰው ሜዳውን በእግሩ ይዳስሳል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ ራሱን ወደ ዳገቱ አድርጎ ይተኛል። ካስማውን አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ፣ ጫፉ ወደ ድንኳኑ እንዲያይ 45 ዲግሪ ያህል አጋድሞ ይመታል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ካስማ ነፋስ ሲጎትተው እንደ ወተት ጥርስ ይነቀላል። ዋልካ መሬት ሲደርቅ ብረት ያጎብጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ካስማውን እንደ ቅቤ ይለቀዋል፤ ያኔ ገመዱን ራስ የሚያህል ድንጋይ ላይ ማሰር ነው። ከሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል ሊያንስ ይገባል፤ ከተረፈ ከጣሪያው የወረደውን ዝናብ ተቀብሎ ወገብ ሥር ያስገባዋል። ጠዋት «ዝናብ አስገባብን» የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ትንፋሻቸው ነው፤ መተንፈሻውን መስኮት ደፍነውት አድረው።

በሌሊት የመጣው ከዚህ አንዱንም አያይም። የሚያየው መሐል ላይ ባዶ የተገኘውን ለጥ ያለ ቦታ ነው። ያ ቦታ ባዶ የሆነው ያለምክንያት ይመስለዋል? ወይ የጎርፍ መውረጃ ነው፣ ወይ ሰው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚመላለስበት።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የሚቀጥለው ነው። ደክሞታል፣ እራት አልበላም፣ የደጋው ብርድ ይቆነድደዋል፤ ስለዚህ የከሰል ምድጃውን ድንኳን ውስጥ ያስገባል። «ቀልቷል እኮ፣ አይጨስም!» ይላል። አለመጨሱ ነው ችግሩ! ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛውን ሰው አይቀሰቅስም፣ ይገድላል። በሩን ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። በየዓመቱ ሰው በዚህ ይሞታል፤ ከተማ ውስጥ፣ በግንብ ቤት ሳይቀር። አሁንም «ምን ችግር አለው» የሚል አለ። ብርዱ እኮ የሚገባው ከመሬት ነው! ሦስት ብርድ ልብስ ያለው ሁለቱን ከሥር ያንጥፍ፣ አንዱን ይልበስ። ከባሰበት ያልፈላ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ እግሩ ሥር ያድርግ። ከሰሉ ውጭ ይደር።

ወደ ካስማው እንመለስ። 4 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ቋቋታው ቆመ። ጥበቃው ባትሪ ይዞለት፣ ጋቢውን አውልቆ ምሰሶ ሲደግፍለት ነበር። አሁን ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወንድምዓለም፣ በሩን እኮ ወደ ሽንት ቤቱ አዞርነው» አለው።

ቋ!