ሳያመለክቱ የቀሩት

ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ስንት ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ እንዳመለከተ፣ ስንቱ የመግቢያ ፈተናውን እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደተመዘገበ ያውቃሉ። ለማመልከት አስቦ፣ ማስረጃውን በከፊል አሰባስቦ፣ ልጅ ታሞበት ወይም የመጨረሻው ቀን አልፎበት የተወውን ሰው ግን የሚያውቀው የለም። ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ከወደቁት ጋር አይቆጠር፣ ካቋረጡት ጋር አይቆጠር። ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት እናቶች መሆናቸውን ለመረዳት በየመሥሪያ ቤታችን ያሉ፣ ሠላሳዎቹን የጀመሩ ሴት ባልደረቦቻችንን መጠየቅ ይበቃል።

ልጅ እያሳደጉ መማር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ብዙ ተብሏል። ቀን ሠርተው፣ ሌሊት አጥንተው፣ ልጅ አዝለው የተመረቁ እናቶችን ፎቶግራፍ በየምረቃው ሰሞን እናያለን፤ እናጨበጭባለን፤ ይገባቸዋልም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ብዙ ወላጆች የሚቀሩት ማመልከቻው ደጃፍ ላይ ነው፤ ክፍል ገብተው ትምህርቱ እስኪከብዳቸው እንኳ አይደርሱም። የማመልከቻ ሥርዓቱ ሲዘረጋ የታሰበው ጊዜው ሁሉ የራሱ የሆነ፣ ባሻው ቀን ተነሥቶ መንገድ መግባት የሚችል ሰው ነውና። ደግሞ ከጠቅላላው ችግር በቀላሉ ሊቃለል የሚችለው ይኸው ክፍል ነው። ሕንፃ አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ወቅቱን እንመልከት። የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ጥሪ በአብዛኛው የሚወጣው በክረምቱ ማብቂያና በአዲሱ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። ያ ሰሞን በየቤቱ ምን እንደሚመስል ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የልጆች ምዝገባ፣ የክፍያ ጭማሪ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ጫማ፤ በዚያ ላይ በዓል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዚያ ወር ደመወዙ ላይ የማመልከቻ፣ የፈተናና የትራንስክሪፕት ክፍያ፣ የመንገድም ወጪ ጨምሮ ሲያሰላ የመጀመሪያው የሚሰረዘው የራሱ ትምህርት ነው። ለልጁ ጫማ አልገዛም ብሎ የማመልከቻ ክፍያ የሚከፍል ወላጅ አላውቅም። ጥሪው የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ቢታወቅ ግን ከግንቦት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ማስታወቂያው በድንገት ይለጠፋል፣ የሚሰጠው ጊዜም አጭር ነው።

ገንዘቡ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ ማስረጃው ይመጣል። በደብረ ብርሃን የምትሠራ አንዲት ነርስ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገጠማትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው ደቡብ ውስጥ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያመለከተችበት ተቋም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቃል። ሬጅስትራሩ ደግሞ ባለጉዳይዋ ራሷ እንድትቀርብ፣ የወጪ መጋራት ክፍያዋን የሚያሳይ ማስረጃም እንድታመጣ ይጠይቃል። የሚጠባ ልጅ አላት። ልጁን ትታ መሄድ አትችልም፤ ይዛው ብትሄድ ደግሞ ቢሮ ለቢሮ ስትል የሚይዝላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ታናሽ እህቷን ከትምህርቷ አስቀርታ ይዛ ተነሣች። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ በማግሥቱ ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ፣ ማታ ፔንሲዮን። ጠዋት መስኮቱ ጋር ስትደርስ የተነገራት «ሲስተም የለም፤ ነገ ነይ» የሚል ነው። እህቷ በግቢው ዛፍ ሥር ሕፃኑን ይዛ ዋለች፤ እናቱ በየመሐሉ እየወጣች ታጠባለች፣ ተመልሳ ትሰለፋለች። ሪኮመንዴሽን ይጽፉላታል ብላ ተስፋ ካደረገችባቸው መምህራን አንዱ ራሱ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል። ትራንስክሪፕቱን አስልካ ቤቷ ስትገባ ሕፃኑ ትኩሳት ያዘው፤ ሪኮመንዴሽኑን ሳታሟላ ቀኑ አለፈ። ለሚቀጥለው ዓመት እሞክራለሁ ብላ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ልጅ መጣ።

ይህን የምተርከው ለማሳዘን አይደለም። በዚህ ጉዞ ውስጥ ነርሷ በአካል መገኘት የነበረባት የቱ ጋ ነው? እኔ አንድም ቦታ አይታየኝም። ማንነቷን ለማረጋገጥ ከሆነ ባንኮች ሳይቀሩ የሚቀበሉት የፋይዳ ቁጥር አለ። ክፍያ ከሆነ በቴሌብር ይከፈላል። የአገሪቱ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው በኮምፒውተር መሰጠቱ አንድ ጥሩ እርምጃ ነው፤ አመልካቹ በየደረሰበት ተቋም ሌላ ፈተና ከመቀመጥ አድኖታል። ምዝገባውን በኢንተርኔት ያደረገ አገር የትራንስክሪፕት ጥያቄን በአካል ብቻ የሚያስተናግድበት ምክንያት የለም። ለማመልከቻ ቅጂው ይበቃል። ዋናው ማስረጃ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ፣ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ሰውየው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ይጠየቅ። አሁን የሚደረገው ያልተቀበልነውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ማንከራተት ነው፤ መንከራተቱ ደግሞ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ለ24 ዓመት ወጣት አድካሚ የሆነው መንገድ ለአራስ የማይቻል ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን እስኪከፍት ድረስ ሁለተኛ ዲግሪ ማለት በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበር። ዛሬ በየክልሉ ማስተርስ የሚያስተምሩ ተቋማት አሉ፤ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ የክረምት መርሐ ግብርም አለ። ትምህርቱ ወደ ወላጆች ቀርቧል። የመግቢያው ሥርዓት ግን የተማሪው ጓዝ አንድ ሻንጣ በነበረበት ዘመን ላይ ቆሟል።

ከአገር ውጭ ያለውን የነፃ ትምህርት ዕድል ስንመለከት ሌላ ዓይነት መሰናክል እናገኛለን፤ የዓመታት ስሌት። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ብዙዎቻችን ዳድ የምንለው፣ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው ታዋቂ ስኮላርሺፕ አመልካቹ የመጨረሻ ዲግሪውን ካገኘ እንደ ደንቡ ከ6 ዓመት ያልበለጠው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይፈልጋል። በ23 ዓመቷ የተመረቀች ሴት ላይ ይህን አስሉት። ሁለት ዓመት ትሠራለች፤ 25 ሆነች። መስኮቱ የሚዘጋው 29 ላይ ነው። በአገራችን ብዙ የተማሩ ሴቶች የሚያገቡትና የሚወልዱት በትክክል በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ነው። ወንዱም ይወልዳል፤ ነገር ግን እርግዝናው፣ ወሊዱና ጡት ማጥባቱ ከእሱ ዓመታት ላይ አይቀነስም።

ስሌቱን ማስተካከል እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለተመራማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ ከዶክትሬት በኋላ ያለፉትን ዓመታት ሲቆጥር ለእናት በእያንዳንዱ ልጅ 18 ወር ይቀንስላታል። ልጁ የተወለደው ከዶክትሬቱ በፊት ይሁን በኋላ ለውጥ የለውም። ለአባት ደግሞ በማስረጃ ያሳየው የወላጅነት ፈቃድ ይያዝለታል። የእኛም መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዕድል ሲሰጡ የዕድሜ ጣሪያ ወይም ከምረቃ በኋላ ያለ የዓመት ገደብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ይህንኑ ማድረግ አያቅታቸውም። ማስረጃው የልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የለም።

የገንዘቡም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት የሚሰጠው የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ለላጤውም ለሦስት ልጆች እናትም ያው ነው። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች መማር ስላለበት ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ልጁን በዓመት ውስጥ ከቋንቋ ቋንቋ ማዘዋወር ሊገደድ ነው። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ ይህ ያስመሰግነዋል፤ የቤተሰብን ወጪ ግን አይሸፍንም። በራሱ ወጪ ወደ ብሪታንያ የሚሄድ የማስተርስ ተማሪም እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ፣ ትምህርቱ በምርምር ላይ ያተኮረ ካልሆነ በቀር፣ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ዕድሉ የደረሳት እናት ምርጫዋ ሁለት ይሆናል፤ መተው ወይም ልጁን ለአያት ሰጥቶ መሄድ።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሁሉም ጥፋት የተቋማት አይደለም። አንድ አባት ለዶክትሬት አራት ዓመት ውጭ ቢቆይ «ለልጆቹ ብሎ ነው» እንላለን። አንዲት እናት ለማስተርስ አንድ ዓመት ብትሄድ «ልጆቿን ጥላ ሄደች» እንላለን። ይህን የሚሉት ጎረቤቶች ብቻ አይደሉም፤ የገዛ እናቷና የባሏ እህቶች ይሉታል፤ አንዳንዴም ራሷ ለራሷ ትለዋለች። ቤት ውስጥ ደግሞ የታወቀ ስምምነት አለ፤ «መጀመሪያ እኔ ልጨርስ፣ ከዚያ አንቺ ትቀጥያለሽ»። ይህን የሚሉ ባሎች አብዛኞቹ ከልባቸው ነው የሚሉት። ነገር ግን እሱ ሲጨርስ ደመወዙ ከፍ ይላል፤ የእሱ ሥራ የበለጠ ገንዘብ ስለሚያመጣ ልጅ ሲታመም ከሥራ የምትቀረው እሷ ትሆናለች፤ ከሥራ እየቀረች የምትሠራ ሴት ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ለትምህርት አይመርጣትም። ተራዋ እንዲህ እየሆነ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። ባልና ሚስት ተራ የሚገቡ ከሆነ የእሷ ተራ ዓመተ ምሕረት ይኑረው፤ ለቤት ኪራይ ውል እንደምንጽፍ ይህንንም ጽፈን እናስቀምጠው። ወይም ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። እሷ ቀድማ ተምራ የጠፋ ትዳር በዙሪያዬ አላየሁም።

በምርጫ ቃለ መጠይቅና በመሥሪያ ቤት የትምህርት ዕድል ኮሚቴ ፊት ሴቶች የሚጠየቁትም ጥያቄ አለ። «ባለትዳር ነሽ? ልጅ አለሽ? ታዲያ እንዴት ትችይዋለሽ?» ጠያቂዎቹ እንደ ርኅራኄ ይቆጥሩታል። ይህንኑ ጥያቄ ከጎኗ የተቀመጠው የሁለት ልጆች አባት ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። የአመልካች የቤት ሁኔታ የምርጫ መመዘኛ ካልሆነ በመመዘኛው ክፍል ውስጥ ሊነሣ አይገባም፤ መነሣቱም በጽሑፍ መከልከል አለበት።

ሕጋችን ልጅን ጨርሶ አልዘነጋም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባት 10 ቀን ሰጥቶ፣ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች በበኩላቸው ሴት አመልካቾችን በልዩ ድጋፍ ሲያበረታቱ ቆይተዋል። ነገር ግን ልዩ ድጋፉ የሚያውቀው ሴትን እንጂ ወላጅን አይደለም። ልጅ የሌላት የ23 ዓመት ተመራቂና የሁለት ልጆች እናት በእሱ ዘንድ አንድ ናቸው፤ ሚስቱ ሞታበት ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ደግሞ ጭራሽ የለም።

«ለወላጅ ተብሎ ጥራት ሊቀንስ ነው ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። ከላይ ከጠየቅሁት ውስጥ የፈተና ነጥብ የሚቀንስ አንድም ነገር የለም። ነርሷ ፈተናውን እንደማንኛውም ሰው ተቀምጣ ትፈተን፤ የምትወድቅ ከሆነ ትውደቅ። የሚጠባ ልጅ ያላት ተፈታኝ ከፈተናው ክፍል አጠገብ ልጇን የምታጠባበት አንድ ክፍልና ለዚያ የሚያዝላት ጊዜ ይኑር። ካለፈች በኋላ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆነች ቦታዋ ለአንድ ዓመት ይቆይላት፤ እንደገና ከዜሮ አትጀምር። የዘንድሮው ዶርም ወይም የመቀበል አቅም ሞልቷል የሚለው ምክንያት ለማታና ለቅዳሜ ትምህርት አይሠራም።

ከእነዚህ የሚበዙት የትምህርት ሚኒስቴርን መመሪያ ሊፈልጉ ይችላሉ። ሁለቱን ግን ሬጅስትራሮች ራሳቸው ከመጪው ነሐሴ በፊት ሊያደርጓቸው ይችላሉ፦ የጥሪውን፣ የፈተናውንና የምዝገባውን ቀን ከግንቦት በፊት ማስታወቅ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውንም የትራንስክሪፕት ጥያቄ በኢንተርኔትና በቴሌብር ተቀብሎ መላክ።