አኮፋዳና ብሎክድ አካውንት

ባለፈው የካቲት ለእረፍት ደብረ ብርሃን ገብቼ ነበር። ጀርመን አገር የብርዱ ወቅት ሴሚስተር የካቲት ላይ ያበቃል፤ ቀጣዩ እስከ ሚያዝያ አይጀምርም። አጎቴም ከመንዝ ወደ ልጃቸው ቤት መጥተው አገኘኋቸው። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ይቀመጣሉ። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

"እስቲ የዚያን አገር ትምህርት ንገረኝ" አሉኝ አንድ ቀን። "ማን ያበላሃል? የት ታድራለህ? መምህሩስ ይቆጣል?"

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ያለ ምክንያት አይደለም። አጎቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ከመንዝ ተነስተው ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ቅኔ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ከእኔ በፊት ቤተሰባችን ውስጥ ለትምህርት ብሎ አገር የለቀቀ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከገንዘቡ ጀመርኩላቸው። ጀርመን ለመማር ስኮላርሺፕ ወይም ወጪህን የሚሸፍን ዋስ ከሌለህ፣ ብሎክድ አካውንት በሚሉት ሒሳብ የአንድ ዓመት መኖሪያህን አስቀድመህ ታስገባለህ። አሁን 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ ያንተ ነው፤ ግን እንዳሻህ አታወጣውም። በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ በሚባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። "ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው" የሚለውን ወሬ ብቻ ይዞ የተነሳ ልጅ ብሎክድ አካውንቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ብሷል። አንድ የመንዝ ገበሬ ያለውን በግ ሁሉ ቢሸጥ ይህን ገንዘብ አይሞላውም። የእኔን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነው የሞላው። ዕዳው ዛሬም አላለቀም።

አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እኛማ ስንቃችን የሰው ደጅ ነበር" አሉ። ጠዋት ከጉባኤው ተነስተው፣ ውሻ እየተከላከሉ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው በየደጁ ይቆማሉ። ቁራሽም ሆነ ቆሎ ያገኙትን በአኮፋዳቸው ይዘው ይመለሳሉ። ማንነታቸውን የማያውቅ የጎጃም ገበሬ ነው አብልቶ ያስተማራቸው።

ይህን ሲነግሩኝ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አውሮፓ ከመግባትህ በፊት የማንንም ደጅ እንደማታንኳኳ በወረቀት ታረጋግጣለህ። እነሱ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ኑሯቸው የተሠራው እያንዳንዱ ራሱን ችሎ እንዲቆም ተደርጎ ነው። ትምህርቱም እንደዚያው ነው።

አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ብቻዬን የሆንኩበትን ቀን አላስታውስም። ዶርም ተመድቦልኛል። ካፌው ያበላኛል፤ ዕዳውን በወጪ መጋራት ሥራ ስይዝ እከፍላለሁ። ፈተና ሲደርስ የክፍል ተወካዩ ያሳውቃል። ብተኛ የዶርም ልጆች ይቀሰቅሱኛል። ያልገባኝን ደግሞ ሻል ያለው ልጅ ሌሊት ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል።

ጀርመን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ በሳምንት ክፍል የምገባው 16 ሰዓት ያህል ነበር። የቀረው ጊዜ እረፍት መሰለኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። በድምሩ እስከ 900 ሰዓት ይደርሳል። ክፍል ውስጥ የሚያልፈው የዚያ ትንሹ ክፍል ነው፤ የቀረው ብቻህን የምታነበውና የምትጽፈው ነው። ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ አልነበረም። ለፈተናም ራስህ ኢንተርኔት ላይ ገብተህ፣ ቀኑ ሳያልፍ መመዝገብ አለብህ። አንዱን ኮርስ ሳልመዘገብ ቀረሁ። ወር ሙሉ ያጠናሁትን ፈተና ሌሎቹ ሲፈተኑ እኔ መኝታ ክፍሌ ተቀምጬ ዋልኩ። ውጭው በጊዜ ይጨልማል። እንደዚያን ቀን ቤቴ ናፍቆኝ አያውቅም።

"መምህሩስ?" አሉ አጎቴ።

ይህኛውን ለመናገር ከበደኝ። የመጀመሪያዋን የጽሑፍ ሥራዬን ሳስረክብ ከአንድ መጽሐፍ ሦስት አንቀጽ እንዳለ አስገብቼ ነበር። ምንጩን አልጠቀስኩም። የማጭበርበር ሐሳብ አልነበረኝም። የሊቅ ቃል መለወጥ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። አገር ቤትም ሃንድአውቱን ቃል በቃል ቸክሎ የመለሰ ነበር ኤ የሚያገኘው። መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። አልተቆጣችም። ሦስቱን አንቀጽ አስምራባቸው ነበር። "ይህ የመጽሐፉ ነው። ያንተ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። የማሳያት አልነበረኝም። ውጤቴ 5.0 ሆነ፤ በእነሱ 1.0 ትልቁ ነው፣ 5.0 መውደቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በባህላችን አሳበብኩ። እኛ የምናውቀው መሸምደድ ነው፣ የራስን ሐሳብ መናገር የፈረንጅ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ብዙ የውጭ ተማሪ ጓደኞቼም እንዲህ ያምናሉ።

አጎቴ ይህን ስነግራቸው ተገርመው አዩኝ። "ቅኔ ቤት የሌላ ሰው ቅኔ ይዘህ የኔታ ፊት ትቆማለህ እንዴ?" አሉኝ። ከዚያ ነገሩኝ። ዳዊት መድገም በቃል ነው፤ ዜማውም በቃል ነው። ቅኔ ግን አይደለም። ተማሪው ገና በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ሲጀምር የራሱን እንዲያመጣ ይጠበቃል። ቀን ብቻውን ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ የራሱን ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩና ጓደኞቹ ባሉበት ይናገራል። መምህሩም ያርማል። የጓደኛን ቅኔ መናገር ነውር ነው። "የራስህም ቢሆን ትናንት የተናገርከውን ዛሬ ይዘህ አትቀርብም" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ያቺ የጀርመን መምህር የጠየቀችኝን አጎቴ በልጅነታቸው በየቀኑ ሲጠየቁ ኖረዋል። ባህላችን አልነበረም ያጎደለብኝ። በእሳቸው ትምህርትና በእኔ ትምህርት መካከል የተቆረጠ ነገር አለ። አስኳላችን ሲቋቋም ከቤተ ክህነቱ መሸምደዱን ወርሶ ቅኔውን ጥሎታል ብዬ አምናለሁ። ይህ ያንገበግበኛል።

በዚያው ሰሞን ስለ ሰብል የተማረችው የአጎቴ ልጅ ለማስተርስ ልታመለክት ሞቲቬሽን ሌተር፣ ለምን መማር እንደፈለገች የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ ጽፋ ነበር። እንድመለከትላት ሰጠችኝ። እንግሊዝኛው የሚያምር ነው። አባቷ "በአማርኛ አንብቢልኝ" አሏት። "ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ጥልቅ ፍቅር ነበረኝ" ብላ ጀመረች።

"ይኼ የማን ነው?" አሉ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከኢንተርኔት የወሰደችው ነበር።

"አንቺ እህል የተማርሽው ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቋት።

ቆየች። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ገብሳቸውን ውርጭ እንደመታው ተናገረች። ጠዋት ከአባቷ ጋር ማሳው ዳር ቆመው ነበር። ዛላው ቆሟል፤ ሲጨብጡት ውስጡ ባዶ ነው። በዚያ ዓመት ቤታቸው የገባው እህል እስከ ጥምቀት እንኳ አላደረሳቸውም።

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። የጻፈችውን ሁሉ አጠፋችው።

"አባዬ፣ ያኔ ውርጩ የመታን ጥቅምት ነበር ኅዳር?"

"ለኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው" አሉ። እሷም መጻፍ ጀመረች።