እርማት፦ «አምላክ የለሽ» የተባሉት እነማን ነበሩ?

«አምላክ የለሽነት ምንጊዜም የእምነት ጠላቶች መጠሪያ ስለሆነ አማኝን የሚስብ አንዳች ነገር የለውም» የሚለው አባባል፣ በሰፊው የሚነገር ቢሆንም፣ ከታሪክ ጋር አይስማማም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም ግዛት በዚህ ስም የተከሰሱት ለአማልክቱ አንሠዋም ያሉት ክርስቲያኖች ራሳቸው ነበሩ፤ ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ለንጉሠ ነገሥቱ ለአንቶኒኖስ ፒዮስ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ፣ ሐሰተኞቹን አማልክት በተመለከተ ክሱን እንደሚቀበል፣ እውነተኛውን አምላክ በተመለከተ ግን ፈጽሞ እንደማይቀበል ገልጿል። እግዚአብሔርን አጥብቃ ትሻ የነበረችው ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይም (እ.ኤ.አ. 1909–1943) አንዱ ዓይነት አምላክ የለሽነት ስለ አምላክ ያለንን ግንዛቤ እንደሚያጠራ ጽፋለች። እኔም አማኝ ነኝ፤ በአምላክ የለሾች ዘንድ የማከብረው ይኸው፣ ሰው በገዛ ምኞቱ ለቀረጸው አምላክ አልሰግድም የማለት ጽናት ነው።