አፈር ባልሆነ ነገር ላይ ችግኝ አትትከሉ

ወገኖቼ፣ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በጀማ ሸለቆ ዙሪያ የኖራ ድንጋይና ጀሶ ሞልቶናል። እንፈነቅላለን፣ እንሸጣለን፣ ቤት እንሠራበታለን። ካባው አጠገብ ተከምሮ የሚቀረውን ነጭ ብናኝ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ክረምት ሲመጣ ተሰልፈን ችግኝ እንተክልበታለን። ፎቶ እንነሳለን። በጥቅምት ተመልሳችሁ አይታችሁታል? ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ቆይቶ ይደርቃል። እኛም "ዝናብ አጥሮት ነው" እንላለን። መጀመሪያውኑ የተከልነው አፈር ላይ አይደለም!

የኖራ ድንጋይ ብናኝ አልካላይን ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። ብረት፣ ዚንክና ፎስፈረስ ቢኖሩበት እንኳ ሥሩ አያገኛቸውም። ፍግ የለው፣ ትል የለው።

ከእኛ የባሰ የገጠማቸው አሉ። አሉሚኒየም ከሚወጣበት ቦክሳይት የሚተርፈው ቀይ ጭቃ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካላይን መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው) ከ10 በላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. መስከረም ሃንጋሪ ውስጥ አይካ ከተማ አጠገብ የዚህ ጭቃ ማጠራቀሚያ ግድብ ፈርሶ ጭቃው 10 ሰው ገድሏል፣ የብዙዎችን ቆዳ አቃጥሏል። እንዲህ ያለው ጭቃ እንኳ ሣር ማብቀል ችሏል። ጀሶ ይጨመርበታል፤ የጀሶው ካልሲየም በጭቃው የበዛውን ሶዲየም ያስለቅቀዋል፣ ዝናብ ጠርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ገለባና ፍግ ይቀላቀላል። ተህዋስያን ሲያብላሉት የሚወጣው አሲድ አልካላይኑን ያበርደዋል። ቀጥሎ ሰርዶን የመሰለ ጠንካራ ሣር ይገባል። ዛፍ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዓመታት ይፈጃል።

የእኛ ክምር ችግሩ ሶዲየም አይደለም፤ ጀሶ ብዙም አይጠቅመውም። የራበው ፍግና ኮምፖስት ነው። ፍጉ ደግሞ የታለ? ኩበት ሆኖ ነዷል። የደጋውን ብርድ አውቀዋለሁ፣ እንጨት እንደሌለም አውቃለሁ፤ እናቶቼን አልወቅስም። አመዱን ወስዶ ክምሩ ላይ መድፋት ግን ምን ይባላል? አመድም አልካላይን ነው እኮ! በቁስል ላይ ጨው ነው።

የካባ ማኅበር ወጣቶች፣ እናንተንም ልንገራችሁ። አዲስ ካባ ስትከፍቱ ጥቁሩን የላይኛውን አፈር ለብቻው ከምሩት። ከድንጋዩ ጋር ገደል አትክተቱት፣ አትሽጡት። ያ አፈር ተመልሶ የሚለብስ ልብስ ነው፤ ዘሩም ተህዋስያኑም ያሉት እሱ ውስጥ ነው። አፈሩ ሳይመረመርም እህል አትዝሩበት።

በሚመጣው ክረምት ተከላ ብላችሁ ስትጠሩኝ ችግኝ ይዤ አልመጣም። አንድ ጆንያ ፍግ ተሸክሜ ነው የምመጣው።